መሬት በዕጣ ሲታደል መጓጓዣው የት ነበር?

የመኖሪያ ቤት በግድግዳውና በጣሪያው ብቻ የሚለካ አይደለም። ሠርቶ አደሩ ማለዳ ከቤቱ ወጥቶ በሰዓቱ ሥራው ላይ የሚገኝበት፣ ማታም ጉልበቱ ሳይሟጠጥ ወደ ልጆቹ የሚመለስበት መጓጓዣ የቤቱ አንድ አካል ነው። ይህ ለማንም ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን በከተሞቻችን ዳርቻ በየጊዜው የሚታደለውን ቦታና የሚቆመውን ሠፈር በጥሞና ለተመለከተ ሁሉ፣ ቦታ የሚሸነሽነው አንድ ክፍል፣ የተሽከርካሪ ስምሪት የሚሰጠው ሌላ ክፍል ሆኖ፣ ሁለቱ ሳይመካከሩ ቤቱ ተሠርቶ፣ ነዋሪው በመካከሉ በእግሩ ሲኳትን ይገኛል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናነሣው የፈለግነው አንገብጋቢ ጉዳይ ይኸው ነው።

ነገሩን ከቅርባችን እንጀምር። ቆቦ በራያ ቆላ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ የላስታ ደጋ ከሚያዋስኑት ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። አዲስ አበባን ከመቀሌ የሚያገናኘው አውራ ጎዳና አቋርጧት ያልፋል። ወደ ደቡብ በሮቢትና በጎብዬ በኩል 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ወልድያ፣ ወደ ሰሜን በዋጃ በኩል ሲታለፍ አላማጣ ይደረሳል። ገደልና ተረተር የሌለበት ምድር ለከተማ መስፋፋት የተመቸ ነው። ችግሩም ከዚሁ ምቾት የመነጨ ነው፤ ሜዳው የሚያግድ ነገር ስለሌለው ትናንት ማሽላ ይዘራበት የነበረው ማሳ ዛሬ በችካል ተከፋፍሎ ሠፈር ሲሆን፣ የከተማው ጫፍ ከገበያው፣ ከትምህርት ቤቱና ከመናኸሪያው በየዓመቱ እየራቀ ይሄዳል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የራያ ቆቦ ወረዳ ነዋሪ ከ220 ሺሕ በላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ የዛሬውን መንገደኛ በዚያ ዘመን ቁጥር ለማገልገል የሚነሣ ዕቅድ ገና ከጅምሩ የተሳሳተ መሆኑን በቅንፍ እናስታውሳለን።

በክልሉ ከተሞች ቤት ፈላጊው ቦታ የሚያገኝበት አንዱ የተለመደ መንገድ የመኖሪያ ቤት የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። መምህሩ፣ ነርሷ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛው፣ ሾፌሩና አነስተኛ ነጋዴው ተሰባስበው ይደራጃሉ፤ ከዕለት ጉርሳቸው ቀንሰው የተጠየቀውን ገንዘብ በባንክ ዝግ ሂሳብ ያስቀምጣሉ፤ ከዓመታት ጥበቃ በኋላም ዕጣ ይወጣል። ዕጣ የወጣ ዕለት ደስታ ነው። ከዚያ በኋላ መሠረቱ በድንጋይ ይወጣል፣ ማገሩ ይማገራል፣ ጭቃው ይመረጋል፣ ቆርቆሮው ይመታል። የመብራት ምሰሶ ከብዙ ምልልስ በኋላ ይተከላል፤ የውኃ ቧንቧም እንደዚያው። ከሁሉም ወደ ኋላ የሚቀረው መጓጓዣው ነው። መብራትና ውኃ ሲጓደል አቤቱታው የሚቀርብበት ቢሮ ይታወቃል፤ አውቶቡስ አልመጣም ብሎ የሚከስ ግን ማንን እንደሚከስ አያውቅም፤ በመሠረቱ ይመጣል ብሎ ቃል የገባለት ስላልነበረ።

ታዲያ የዚህ ጉድለት ዋጋ በማን ላይ ይወድቃል? የግል መኪና ያለው አይጎዳም፤ ሞተር ብስክሌት ያለውም እንደ ምንም ይወጣዋል። የሚጎዳው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ በቀን ሥራ የሚውለው ግንበኛ፣ የሌሊት ተራዋን ጨርሳ የምትመለሰው የጤና ባለሙያ፣ ቅርጫቷን በራሷ ተሸክማ ገበያ የምትወርደው አትክልት ሻጭ፣ ሁለት የትምህርት ፈረቃ ባለበት ቤት ልጆቿን የምታመላልሰው እናት ናቸው። የቆላው ፀሐይ ከረፋዱ ጀምሮ ምን እንደሚመስል ለቆቦ ሰው መንገር አያስፈልግም። አንድ ሠራተኛ በቀን ሁለት ጊዜ እየተመላለሰ በእግሩ የሚያጠፋው ሰዓት ደመወዝ የማይከፈልበት የሥራ ሰዓት ነው። ከእንቅልፉ፣ ከንባቡ፣ ከልጆቹ ጋር ከሚያሳልፈው ጊዜ ተቀንሶ የሚከፈል ግብር ነው ብንልም ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ «ባጃጅ አለ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። በእርግጥ አለ። የጭነት ጋሪም አለ። ባጃጁ ለብዙ ወጣቶች እንጀራ የሆነ፣ አውቶቡስ በሌለበት ከተማም ክፍተቱን የሞላ ተሽከርካሪ ነውና ልናጣጥለው አንነሣም። ነገር ግን አሠራሩን ቀረብ ብሎ መመርመር ያስፈልጋል። ከሾፌሮቹ ብዙዎቹ የተሽከርካሪው ባለቤቶች አይደሉም። ማታ ለባለቤቱ የሚያስረክቡት የተቆረጠ የቀን ገቢ አለባቸው፤ ነዳጁም ከእነርሱ ነው። ለዕለቱ የሚተርፋቸው ከዚያ በላይ የሠሩት ብቻ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ቁጭ ብሎ ሲያሰላ ከመናኸሪያ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ መናኸሪያ በሁለቱም አቅጣጫ ተሳፋሪ እየሞላ መመላለስ ያዋጣዋል። ወደ አዲሱ ሠፈር ቢሄድ ሲሄድ ሦስት ሰው ይዞ ሲመለስ ባዶውን ነው፤ ኮረኮንቹና ጉድጓዱ ጎማውንና ሞተሩን ይበላበታል፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭቃ ውስጥ ተውጦ ይውላል። በመሆኑም ወይ አልሄድም ይላል፣ ወይ ኮንትራት ካልሆነ ብሎ የብዙ ሰው ሒሳብ ከአንዱ ይጠይቃል። ሾፌሩን «ስግብግብ» ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ እኛ ግን በዚህ አንስማማም። እርሱም ዕዳውን ተሸክሞ የሚሮጥ ሠራተኛ ነው። የተሳፋሪውና የሾፌሩ ጠብ በሁለት ሠራተኞች መካከል የተፈጠረ የሐሰት ቅራኔ ሲሆን፣ ትክክለኛው ቅራኔ ያለው የጋራ ጥቅም የሆነውን አገልግሎት ለዕለት ትርፍ ብቻ በተወው አሠራርና በሕዝቡ ፍላጎት መካከል ነው።

ማታ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ መስመሩ ይጠፋል። ምጥ የያዛት ሴት ግን ጀምበርን አትጠብቅም። የአምቡላንስ ስልክ ባልተነሣበት ወይም መኪናው ሌላ ቀበሌ በሄደበት ሌሊት ጎረቤት ተሰብስቦ ቃሬዛ ሲሸከም የሚታየው በሩቅ ገጠር ብቻ ሳይሆን፣ በከተማ ካርታ ላይ በሰፈረ፣ ቁጥር በተሰጠው፣ የይዞታ ማረጋገጫ ወረቀት በያዘ ሠፈር ውስጥ መሆኑ ሊያሳስበን ይገባል።

መንገድ ዳር መኖርና ከመንገድ መራቅ በራያ ምን ማለት እንደሆነ የዚህ አካባቢ ሕዝብ ከማንም በላይ ያውቃል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው ረኀብ ከየገጠሩ የፈለሰው ወገን የተሰበሰበው በዚሁ አውራ ጎዳና ዳር ባሉ ከተሞች ነበር። በ1977 ዓ.ም. ዓለም በምስል ያየው የኮረም መጠለያም ከአላማጣ በላይ በዚያው መንገድ ላይ ነበር። እህሉም ሐኪሙም የሚመጣው በመንገድ ነበርና። ከጎዳናው ርቆ የነበረው ብዙው ሰው በጉዞ ላይ ቀርቷል። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት በቆቦ ላይ በተመላለሰባቸው ዓመታትም መኪና መቆም ለሕመምተኛውና ለሸማቹ ምን ማለት እንደነበረ ከተማው በራሱ ላይ አይቶታል። እንዲህ ባለ ታሪክ ውስጥ ያለፈ ሕዝብ መጓጓዣን እንደ ቅንጦት እንዲቆጥር ሊነገረው አይገባም።

በቆላው ገጠር ያለው ችግር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ጎሊናና ሆርማት በክረምት ከደጋው ጎርፍ እያግተለተሉ ሲወርዱ የጥርጊያ መንገዱ ይቆረጣል፤ ሜዳውም ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ገበሬው ምርቱን በአህያና በግመል፣ ሰውየው ራሱን በእግሩ ያጓጉዛል። ይህ ራሱን የቻለ ርእስ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ እናቆየዋለን፤ ለዛሬው ግን ከገጠር ወደ ከተማ የሚገባው ሰው የሚያርፈው በዚያው መጓጓዣ በሌለው ዳርቻ መሆኑን ልብ ይሏል።

የነዋሪዎች ማኅበር በዚህ ጉዳይ ላይ ምን አገባው ለሚል፣ ታሪኩን መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የቤት ኪራይ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታወሳል። ዳሩ ግን አዋጁ በየቀበሌው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት እንዲቋቋሙ ሲያደርግ፣ ከሰጣቸው ተግባራት መካከል ለአካባቢው የሚያስፈልጉትን የትምህርት፣ የጤና፣ የገበያ፣ የመንገድና የመሳሰሉትን አገልግሎቶች ከመንግሥት ጋር ተባብሮ ማቋቋም ይገኝበት ነበር። ከዚያ ዘመን ብዙው ነገር አልፏል፤ ማኅበራቱ በኋላ ለምን ዓይነት ሥራ እንደዋሉ፣ በስማቸውም ምን ያህል ግፍ እንደተፈጸመ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ቤትን ከመንገድና ከጤና ጣቢያ ጋር አንድ ላይ ያሰበው ያ አንቀጽ ትክክል ነበር። ዛሬ ቦታ በዕጣ የሚያወጡት ማኅበራት ከዚህ ውስጥ የያዙት ቤቱን ብቻ ነው።

ቆቦ ወዴት እያመራች እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከእርሷ ቀድማ በዚህ መንገድ የሄደችውን ከተማ ይመልከት። አዲስ አበባ በ1996 ዓ.ም. ገደማ በገርጂ በሙከራ በተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ቤቶችን ሠርታለች። ይህ በአገሪቱ ታሪክ ታላቅ ሥራ ነው፤ ከጭቃ ቤት ወጥቶ የራሱን በር የከፈተውን ቤተሰብ ደስታ ማንም ሊክደው አይችልም። ነገር ግን መሬት በመሀል ከተማ ስለተወደደ ሠፈሮቹ እየተገፉ ወደ ጫፍ ወጡ፤ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከመሀል ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። በማዕከል ተከራይቶ ይኖር የነበረው ሠራተኛ ቤት ሲደርሰው ሥራው ግን በነበረበት ቀረ። የቤት ኪራይ የነበረው ወጪ የታክሲ ወጪ ሆነ። በሁለትና በሦስት ታክሲ እየተቀባበለ፣ በማለዳ የተጀመረው ሰልፍ ሥራ መግቢያ ሰዓቱን ሲያሳልፍበት፣ ዕጣ የደረሰው ብዙ ቤተሰብ የራሱን ቤት አከራይቶ እርሱ ወደ መሀል ተመልሶ ተከራይ ሆነ። ለድኻው የተሠራው ቤት በመጓጓዣ ጉድለት ምክንያት ድኻውን ከውስጡ አስወጣው ማለት ነው።

ከተማዋ መጓጓዣ አልነበራትም ማለታችን አይደለም። በ1935 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አንበሳ አውቶቡስ ለአሥርት ዓመታት የሰፊውን ሕዝብ ሸክም ተሸክሟል። በተከታታይም ሸገር አውቶቡሶች መጥተዋል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የቀላል ባቡሩ አገልግሎት ሲጀመር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ሐዲድ ተዘርግቶ ነበር። ግን ሐዲዱ አያት ላይ ሲቆም አዲሱ ሠፈር ከአያት ማዶ አራብሳ ላይ ይሠራ ነበር። ከተገዙት 41 ባቡሮችም ከግማሽ የሚበልጡት በ2015 ዓ.ም. በመለዋወጫ እጥረት የቆሙበት ጊዜ ነበር። ለመንግሥት ሠራተኛው የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ተመደበለት፤ መልካም ነው። የመንግሥትን ቢሮ የሚጠርገው በኮንትራት የተቀጠረ ጽዳት ሠራተኛ፣ የጥበቃ ሠራተኛውና የቤት ሠራተኛዋ ግን ያ አውቶቡስ ባዶ ወንበር ይዞ በአጠገባቸው ሲያልፍ ቆመው አይተዋል። ከከተማዋ ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር የሚደረጉ መሆናቸውም ሕዝቡ መሄድ ስለሚወድ ብቻ እንዳልሆነ ይታወቃል።

ከዚህ ሁሉ የምንወስደው ነጥብ አውቶቡስ በቁጥር ማነሱን ብቻ አይደለም። የመሬት ዕደላውና የመስመሩ ውሳኔ በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ጠረጴዛ ላይ መወሰኑ ነው። ሠፈሩ አንዴ በዘፈቀደ ከተበተነ በኋላ መቶ አውቶቡስ ቢገዛ እንኳ ጠባብ ኮረኮንች ውስጥ ማዞሪያ ያጣል። የብራዚሏ ኩሪቲባ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ለአውቶቡስ ብቻ የተለዩ መንገዶችን ስትከፍት ከፍ ያለ ሕንፃና ብዙ ነዋሪ የሚፈቀደው በእነዚያው መስመሮች ዳርና ዳር እንዲሆን በመደንገጓ፣ ባቡር መግዛት ሳያስፈልጋት ሕዝቧን ማመላለስ ችላለች። ፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 በፓሪስ አካባቢ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም በሌሎች ትልልቅ ከተሞች፣ አሠሪዎች ከሚከፍሉት ደመወዝ ጋር የተያያዘ የመጓጓዣ መዋጮ እንዲያወጡ ደንግጋለች። ሠራተኛው በሰዓቱ መድረሱ የሚጠቅመው ለአሠሪው ጭምር ስለሆነ ወጪውን እንዲጋራ ማድረግ ሚዛናዊ ነው።

«ቆቦ ትንሽ ከተማ ናት፤ አውቶቡስ ለማን?» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ እንገምታለን። «ያከስራል» የሚልም አይጠፋም። ለመጀመሪያው መልሳችን፣ መስመር የሚቀየሰው ከተማ ትንሽ ሳለ ነው የሚል ነው፤ ካደገ በኋላ ቤት ማፍረስ ይመጣል፣ ቤት የሚፈርስበትም ማን እንደሆነ ይታወቃል። ለሁለተኛው መልስ ለመስጠት ከራያ ገበሬ የተሻለ አስረጂ አናገኝም። በቆላው ጎርፍ ተጠልፎ ማሳ ሲጠጣ ከቦዩ ራስ ያለው ገበሬ ውኃውን እንደፈለገ ቢለቅና ቢዘጋ ኖሮ በጭራው ያለው ማሳ ደርቆ በቀረ ነበር። ስለሆነም የውኃ አባት ይመረጣል፤ ተራ ይወጣል፤ ጭራው ማሳ ድርሻው ይደርሰዋል። የላይኛው ገበሬ «ታች ድረስ ውኃ መልቀቅ ያከስራል» ቢል ይፈረድበታል እንጂ አይፈረድለትም። ታዲያ ለውኃ ያወቅንበትን ፍርድ ለመንገደኛው ስንከለክለው፣ ከተማ ስንገባ አእምሯችንን ገጠር ትተነው መጣን ማለት ነው። ገበያ ያለበትን መስመር የያዘው ባለተሽከርካሪ በቀን ጥቂት ጉዞ ወደ ዳርቻው እንዲያደርግ በተራ ሊገደድ፣ በዚህ የሚጎድልበትም ሊካስ ይችላል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ድጎማ ለሕዝብ ማመላለሻ ተለይቶ እንዲሰጥ ሲደረግ ሐሳቡ ደግ ነበር፤ ድጎማው ግን በሊትር ሲሰጥ የት እንደተጓዘ አልተጠየቀም፤ ስለዚህ መሀሉን ለሚዞረውም ዳርቻውን ለሚያገለግለውም እኩል ሆነ። ድጎማ በተሸፈነው መስመር ቢሆን ነዋሪው ያየው ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ኂስ ከሌላው ላይ ብቻ ሲያርፍ ኂስ አይሆንም። ዕጣ እስኪወጣ ድረስ በየሳምንቱ የምንሰበሰብ ማኅበርተኞች ዕጣው ከወጣ በኋላ ተበታትነን እያንዳንዳችን በአጥራችን ውስጥ ቀረን። በፕላኑ ላይ 10 ሜትር ተብሎ የተሰመረውን መንገድ አጥር እያስገባን 7 ሜትር ያደረግን፣ አሸዋና ድንጋያችንን መሀል መንገድ ላይ አራግፈን ለወራት የተውን፣ ለማቆሚያ የተተወውን ክፍት ቦታ ሱቅ ሲሠራበት አይተን እንዳላየን ያለፍን እኛው ነን። ማሳው ለሠፈሩ የተወሰደበት ገበሬም የዚሁ ሠፈር ጎረቤት ሆኖ ሳለ በስብሰባችን ላይ መቀመጫ የሰጠነው ስንቶቻችን ነን? እርሱ ማለዳ የትኛው ጎርፍ የትኛውን መንገድ እንደሚቆርጥ ከማንኛውም መሐንዲስ ይልቅ ያውቃል።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን፤ ራሳችንንም እንጨምራለን። ከእንግዲህ በከተማው ዳርቻ ቦታ ለማኅበራት የሚታደልበት ቃለ ጉባኤ የመጓጓዣው መስመር፣ የማዞሪያው ቦታና የመጀመሪያው ተሽከርካሪ ሥራ የሚጀምርበት ቀን ያልተጻፈበት ከሆነ አይፈረም። ለነባሮቹ አዲስ ሠፈሮች ደግሞ ማኅበራቱ በመካከላቸው ሰው መድበው ለ2 ሳምንት ያህል ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት በየመውጫው የሚያልፈውን እግረኛ ይቁጠሩ፤ የት እንደሚሄድ ይጠይቁ፤ ለዚህ እርሳስና ደብተር እንጂ በጀት አያስፈልግም። ቁጥሩ በእጅ ከተያዘ በኋላ «ተሳፋሪ የለም» የሚለው መልስ ያበቃል። የባጃጅ ሾፌሮች ማኅበርም ከተከሳሽ ወንበር ተነሥቶ በዚሁ ስብሰባ ላይ አብሮ ይቀመጥ፤ የትኛው ዋጋ እንደሚያኖረው፣ የትኛው ኮረኮንች እንደሚሰብረው እርሱ ይናገር። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነዋሪው በዘመቻ ጠጠር የሚያለብሰው መንገድ የትኛው እንደሆነ የሚወሰነውም በዚያው ስብሰባ ይሁን።

ከተቻለ ስብሰባው በመሀል ከተማ አዳራሽ ሳይሆን በአዲሱ ሠፈር፣ ከሥራ መልስ፣ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ይጠራ። ኃላፊዎቹም መኪናቸውን መናኸሪያው ዘንድ አቁመው ይምጡ።